እቁቡና አፑ፦ ከኮምቦልቻ የተወሰደ የአንድ ጉዳይ ጥናት

## ለምን ተጻፈ

«የኦንላይን ሥራ» እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡ አፖች ወሬ አዲስ አይደለም። ይከፈታሉ፣ ትንሽ ይከፍላሉ፣ ይዘጋሉ። ሲዘጉ ማኅበራዊ ሚዲያው ሰሞኑን ይስቃል። ሳቁ ሳያልቅ ሌላ ሊንክ ይመጣል።

እዚህ የምጽፈው አንድ የኮምቦልቻ እቁብ በእንዲህ ያለ አፕ ተመትቶ እንዴት ሳይፈርስ እንደቀረ ነው። ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ የእቁቡን መዝገብ እንዳጣራ ከደሴ ተጠርቼ ነበር። ወረቀቶቹን አይቻለሁ፤ ሽምግልናው ላይም ተቀምጫለሁ። አባላቱ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል። የሰዎቹ ስምና ሰፈራቸው ግን ይቅር ብለዋል። የአፑንም ስም ትቼዋለሁ። እነዚህ አፖች ስማቸውን እንደ ሲም ካርድ ስለሚቀያይሩ ስሙን ማወቅ ብዙ አይጠቅምም።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። የተበሉትን ሰዎች «ስግብግብ» ብሎ ጉዳዩን መዝጋት ስንፍና ነው። አፑ በእቁቡ ላይ የተሳካለት ሰዎቹ እርስ በርስ ስለሚተማመኑ ነው። ዓመታት የፈጀ መተማመን አግኝቶ በነጻ ተጠቀመበት። ማስጠንቀቂያዎቻችን ሁሉ የከሸፉትም ይህን ስላላዩ ይመስለኛል።

## ከተማውና እቁቡ

ኮምቦልቻ የፋብሪካና የመንገድ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ደረቅ ወደቡ አለ፤ ከ2009 ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተጨምሯል። በሐረጎ ዳገት ጠዋት ወደ ደሴ ወጥቶ ማታ የሚመለስ፣ ከደሴም ለሥራ የሚወርድ ሰው ብዙ ነው።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳረሰ። ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ እስኪለቀቁ ድረስ ፋብሪካ፣ መጋዘንና ሱቅ ተዘረፈ። ወር ሳይሞላ ደግሞ በታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስልከው የአጎዋ ዕድል ወጣች። ወደ አሜሪካ ልብስ ለሚልኩ ፋብሪካዎች ይህ ቀላል ምት አልነበረም። ባዶ ሱቁን እንደገና የከፈተ ነጋዴ ብድር ፍለጋ ባንክ ቢሄድ የሚጠየቀው መያዣ ነው። ያ የለውም። ይህን እቁብ ያቋቋሙትም እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ እናቶች፣ መለዋወጫ ሻጭ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ የከባድ መኪና ረዳት፣ የፋብሪካ ሠራተኞች አሉበት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ፤ ወሎ ነውና ይህን መጥቀስም ትርፍ ነገር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። 40 አባል፣ በሳምንት ከያንዳንዱ 1,000 ብር፣ እሁድ እሁድ 40,000 ብር ይወጣል። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ። እጣ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል። ዋሱ ከአባላቱ አንዱ ይሆናል። ይህን ዋስ የሚባለውን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ትልቁ ችግር የመጣው ከዚህ ነው።

አፑ የገባበት ዙር የተጀመረው በመስከረም 2017 ነው።

## ገንዘቡ መቀመጫ አጣ

የብር ነገር በዚያ ሰሞን ምን ይመስል እንደነበር ሳናይ አፑን መፍረድ አይቻልም። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነበር። የዋጋ ንረቱ ደግሞ ለዓመታት ከዚያ በብዙ በላይ ሄዷል። ባንክ ያስቀመጠ ሰው በየዓመቱ እየከሰረ ነው ማለት ነው፤ በደብተሩ ላይ ግን ያተረፈ ይመስላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ዶላር በ57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሽንኩርት ሻጯ ዶላር በእጇ ነክታ አታውቅም። ዘይት ግን ትገዛለች።

ሌላም ነገር አለ። ከእቁቡ አባላት ብዙዎቹ በሃይማኖታቸው ወለድ አይነኩም። ባንክ ቤት ገንዘባቸው ያለ ወለድ ይቀመጣል፣ ንረቱ ይበላዋል። አፑን ያመጣው ልጅ ይህን በደንብ ያውቅ ነበር። «ይሄ ወለድ አይደለም፤ የሥራ ደመወዝ ነው» ይላቸዋል። አንድ ሁለት ሰው ሸህ ጠይቆ «ሥራው ምንድን ነው? ገንዘቡስ ከየት ነው የሚመጣው?» የሚል ጥያቄ ይዞ ተመልሶ ነበር። ጥያቄው ትክክል ነበር። መልስ ሳያገኝ ቀረ።

ስለዚህ ሰዎቹ ገንዘባቸውን ከሚያልቅበት ቦታ ለማሸሽ መፈለጋቸው ስህተት አልነበረም። የኑሮ ውድነቱን የፈጠረ ፖሊሲ አውጥቶ፣ ቆጣቢው መውጫ ሲፈልግ «ተጠንቀቅ» ብሎ ፖስተር መለጠፍ ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው።

## አፑ በማን በኩል ገባ

በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ይህ የፖለቲካ ውሳኔ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል፤ አንዱ ብዙም አይነሳም። አዲስ አበባ ያለ ሰው በዚያ ጊዜ አፖች ሲከፈቱና ሲዘጉ አይቷል፤ የጎረቤቱን ለቅሶ ሰምቷል። የእኛ ሰው ያን ትምህርት አመለጠው። ዳታ ሲመለስ የተመለሰው ለሁሉም ነገር በተራበ ሕዝብ ላይ ነው።

ከዚያ ሃምስተር መጣ፤ ቴሌግራም ላይ ስክሪን እየነኩ «ሳንቲም» የሚሰበስቡበት ጨዋታ ነው። ያን ሰሞን ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው ስልኩን በጣቱ ሲነካ ይውል ነበር። የሃምስተር ኮምባት ሳንቲም መስከረም 16 ቀን 2017 ሲከፋፈል አብዛኛው ሰው የደረሰው ከድካሙ ጋር የማይመጣጠን ትንሽ ነገር ነው። ሃምስተር ከማንም ኪስ ብር አላወጣም። አንድ ነገር ግን አስለመደ፤ ስልክ ነክቶ ገንዘብ ማግኘት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀረ።

አፑ እቁቡ ውስጥ የገባው በኅዳር 2017 ነው። ያመጣው ሞባይል የሚጠግን ልጅ ነው። ምሕንድስና ተምሮ ተመርቋል፣ ሥራ አላገኘም፣ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ለሰፈሩ ሰው ቴሌግራም የሚጭነው እሱ ነው። የሞባይል ገንዘብ የሚከፍተው፣ የሚስጥር ቁጥር ሲጠፋ የሚያስተካክለው እሱ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ሥራ ጀመሩ። እንዲህ ያለው ሰፈር ውስጥ እነዚህን ነገሮች ለእናቶች ያስተማረው እንደ እሱ ያለ ልጅ ነው። እና «እትዬ፣ አብሽሩ፣ እኔ ራሴ አውጥቻለሁ» ሲል ማን ይጠራጠረዋል?

ደግሞ እውነቱን ነበር። አውጥቷል።

## አሠራሩ

ሰው 6,000 ብር ያስገባል፣ «ቪአይፒ 1» ይሆናል። በየቀኑ አምስት ቪዲዮ ላይክ ያደርጋል፣ 200 ብር ይቆጠርለታል። በወሩ ገንዘቡ ተመለሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ይባላል። ሰው ካስገባ ከሚያስገባው 10 በመቶ ኮሚሽን አለው። ያ ሰው ሌላ ሲያስገባ 3 በመቶ፣ ከዚያ ቀጥሎ 1 በመቶ ይደርሰዋል። ማውጣት የሚቻለው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው፤ 10 በመቶ ይቆረጣል።

ገቢ የሚደረገው በግለሰቦች ስም ወደተከፈቱ ሒሳቦች ነበር። ሒሳቡ በየጥቂት ቀኑ ይቀየራል። «ለምን?» ለሚል የተዘጋጀ መልስ አለ፤ «የድርጅቱ ሒሳብ ስለሞላ ነው»። የባንክ ሒሳብ እንደማይሞላ አንድ የባንክ ሠራተኛ ቢጠየቅ ኖሮ ይነግራቸው ነበር። ማንም አልጠየቀም።

በጥር ወር ልጁና ሌሎች «ቲም ሊደሮች» ኬክ ቆረሱ፤ ቲሸርት ታደለ። ለሁለት ችግረኛ ቤተሰቦች ዘይትና ዱቄት ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሳ። ያ ፎቶ በየቴሌግራም ግሩፑ ዞረ። ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ቲክቶከርም ስለ አፑ ቪዲዮ ሠርቶ ነበር። አፑ ሲዘጋ ቪዲዮውን አጠፋና ብዙ ሳይቆይ «አጭበርባሪ አፖችን እንዴት እንለያለን» የሚል አዲስ ቪዲዮ ለቀቀ። በሁለቱም እይታ አግኝቷል።

ዘዴው የቴሌግራም ፈጠራ አይደለም። ቻርልስ ፖንዚ በ1920 ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እከፍላለሁ ብሎ ሕዝቡን ሰብስቧል። ያኔ ምክንያቱ የፖስታ ኩፖን ነበር፣ ዛሬ ላይክ ነው። የቀድሞው ሰው ትርፍ የሚከፈለው በኋለኛው ሰው ገንዘብ መሆኑ አልተቀየረም። አልባኒያ ውስጥ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች በ1997 አንድ ላይ ሲወድቁ አገሪቱ ራሷ ልትፈርስ ደርሳ ነበር። ሁለቱም ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የእኛም ሕግ ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን ይከለክላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለልን ወንጀል አድርጓል። ብሔራዊ ባንክም በሰኔ 2014 በክሪፕቶ (በዲጂታል ሳንቲም) መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳውቋል። ሕጉ ስለመኖሩ ከእቁቡ 40 ሰው አንዱም የሚያውቅ አልነበረም።

## ችግሩ

በየካቲት መጀመሪያ ገንዘብ ማውጣት መዘግየት ጀመረ። «ሲስተም እያሻሻልን ነው» ተባለ። በዚያው ሳምንት ማስታወቂያ ወጣ፦ እስከ ረቡዕ ላስገባ 15 በመቶ ጭማሪ። ገንዘብ መክፈል ያቃተው ሰው ጭማሪ እሰጣለሁ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ዛሬ ግልጽ ነው።

የዚያ እሁድ 22ኛው እጣ ወጣ። የደረሳት አንዲት ነጋዴ ናት። ጸሐፊው ገንዘቡን ወዲያው መስጠት ሲገባው «እስከ ረቡዕ እናስገባውና 46 ሺህ ይሆናል፤ ትርፏን እንካፈላለን» አላት። እሺ አለች። ዳኛው አልሰሙም። ማክሰኞ ጠዋት አፑ አልከፈት አለ። የቴሌግራም ግሩፑ ከነመልእክቱ ጠፋ።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነው። በግል መልእክት «ሒሳባችሁ ታግዷል፤ 10 በመቶ ታክስ ከፍላችሁ አስከፍቱ» የሚል ደረሳቸው። ስድስት ሰው ከፈለ። ከዚያ «የጠፋ ገንዘብ አስመልሳለሁ» የሚል «ሀከር» መጣ። ሦስት ሰው ለእሱም ከፈለ።

መዝገቡን ሳጣራ ሥዕሉ እንዲህ ሆነ። ከ40 አባላት 27ቱ አፑ ውስጥ ነበሩ። ያስገቡት 512,000 ብር፣ ያወጡት 148,000 ብር ነው። 364,000 ብር ቀልጧል። አምስት ሰው በትርፍ ወጥቷል።

ለእቁቡ ግን አስፈሪው ቁጥር ሌላ ነበር። 22 ሰው እጣ ወስዷል፣ 18 ሰው ይጠብቃል። የሚጠብቁት እያንዳንዳቸው 22,000 ብር ከፍለዋል። እጣ ከወሰዱት ዘጠኙ «ከእንግዲህ በሳምንት 1,000 ብር መክፈል አልችልም» አሉ። እጣቸውን አፑ ውስጥ ጨምረውታል። ከዘጠኙ በ18 ሳምንት የሚጠበቀው 162,000 ብር ነው።

ለዚህ ነው ዋስ የሚያስፈልገው። ዋሶቹ ሲጠሩ ግን እነሱም አባላት ናቸው፤ እነሱም አፑ ውስጥ ናቸው። አንዱ የአንዱ ዋስ፣ ያኛው የዚህ ዋስ። ወረቀት ላይ ለወጣው እጣ ሁሉ ዋስ ነበር። በተግባር ማንም አልነበረም።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው ሳምንት በጩኸት አለቀ። ሰው ሱቁ ድረስ ሄደ፣ ልጁ ሸሽቶ ደሴ ዘመድ ቤት ገባ። አባቱ ተሰደቡ። አንዳንድ ቤት ባልና ሚስት ተኳረፉ፤ ሚስጥር ሆኖ የገባ ገንዘብ ብዙ ነበርና።

በቀጣዩ እሁድ ዳኛው ስብሰባ ጠሩ። እጣ አልወጣም። ሰው ሁሉ ሌላውን ሲከስ ቆየ፤ ስንት እንዳስገባ የተናገረ ግን የለም። ዳኛው ተነሡና እንዲህ አሉ፦ «እኔ 60 ሺህ አስገብቻለሁ። 11 ሺህ አውጥቻለሁ። ልጆቼ እንኳን አያውቁም። አሁን እናንተ አወቃችሁ፤ በሉ ተራ በተራ ተናገሩ።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ስብሰባ ሆነ። መለዋወጫ ሻጩ ተናገረ፣ ከዚያ እናቶቹ ተናገሩ። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሜ 200 ብር የማላገኝበት ቀን አለ። አምስት ላይክ በ200 ብር የሚገዛው ማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም» አለች። እኔ ከደሴ የመጣሁት በሌላ ሒሳብ ተዘጋጅቼ ነበር። በቀን 200 ብር የሚከፍለው 6,000 ብር ትርፉ እየተደመረ በዚያው መጠን ቢሠራ በዓመት ከ900 ሚሊዮን ብር እንደሚያልፍ አሳየኋቸው። ሳቁ። እያንዳንዱ ሰው አምስት አምስት ቢያስገባ ስምንተኛው ዙር ላይ 390,625 አዲስ ሰው እንደሚያስፈልግ፣ ደሴ ደግሞ በ1999ኙ ቆጠራ ከነገጠር ቀበሌዎቿ 151 ሺህ ገደማ ሕዝብ እንደነበራት ነገርኳቸው። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ አድጋለች፤ ያን ያህል ግን አይሆንም። ነቀነቁ። ሰው ሁሉ ይዞት የወጣው ግን የሽንኩርት ሻጯን ጥያቄ ነው።

ከዚያ ሦስት ነገር ጎን ለጎን ተሠራ።

አንደኛው ማስረጃ ነው። ግሩፑ ስለጠፋ የተረፈው የባንክና የሞባይል ገንዘብ መልእክት ብቻ ነበር። የእያንዳንዱ ሰው ስልክ ተከፍቶ ቀን፣ መጠን፣ የተላከበት ስምና የማረጋገጫ ቁጥር በአንድ ወረቀት ተጻፈ። በስህተት መልእክት ያጠፋ ሰው ከባንኩ መግለጫ አስወጣ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነበር። ከሁሉም የጠቀመውም እሱ ነው፤ ወረቀቱ ሳይኖር ሽምግልናው ንትርክ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሁለተኛው አቤቱታ ነው። በጋራ ለፖሊስ ማመልከቻ ገባ፣ ቃል ተሰጠ። ገንዘብ ላስተላለፈው ተቋምም ደብዳቤ ገባ። ገንዘቡ ከገባባቸው ሒሳቦች አንዳንዶቹ በጥቂት ብር ሒሳባቸውን ያከራዩ ወጣቶች ሒሳብ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ፋይሉ ብዙ አልሄደም። ብር በሰከንድ የሚያስተላልፍ ሥርዓት ተዘርግቷል፤ ጥሩ ነው። አቤቱታ ግን አሁንም በእግር ነው የሚሄደው፤ ማኅተም፣ ፊርማ፣ «ነገ ተመለሱ»። ሌባው በ2017 ቴክኖሎጂ፣ ተበዳዩ በ1980ዎቹ መዝገብ ቤት ሲሆኑ ማን እንደሚቀድም ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ሽምግልና ነው። አምስት ሽማግሌ ተመረጠ፤ አንድ ሸህና አንድ ቄስ አሉበት። ሦስት ነገር ወሰኑ።

ስለ 22ኛው እጣ መጀመሪያ ሁለት ወገን ነበር። «እጣው ወጥቷል፣ እሺ ብላለች፣ ኪሳራው የሷ ነው» የሚል አለ። «ጸሐፊ ገንዘብ በእጁ የሚያሳድርበት ሥልጣን የለውም» የሚልም አለ። ከ40,000 ብሩ 25,000ውን ጸሐፊው እንዲከፍል፣ 15,000ውን እሷ እንድትችል ተፈረደ። ጸሐፊው ቅር ብሎታል። ለእኔ ፍርዱ ልክ ነው፤ ጥቅሙን ቢካፈል ኖሮ ለማንም አይናገርም ነበር።

ስለ ኮሚሽን ክርክሩ ከረረ። ከእቁቡ አባላት የተገኘ ኮሚሽን ተደምሮ 38,000 ብር ሆነ፤ ትልቁ ድርሻ የሞባይል ጠጋኙ ነው። ልጁን አባቱ ይዘውት መጡ። «እኔም እኮ ተበልቻለሁ» አለ። እውነት ነው፤ ትርፉን መልሶ አስገብቶታል። አንዲት እናት መለሱለት፦ «ልጄ፣ አንተ የተበላኸውን አልጠየቅንህም። በእኔ ስም የደረሰህን ነው የምንጠይቅህ።» ሽማግሌዎቹም ይህን ያዙ። ጥፋተኛ ነህ አይደለህም ሳይሉ፣ ከወንድምህ ኪሳራ ያገኘኸውን መልስ አሉ። 29,000 ብር በየጊዜው ተመለሰ። ቀሪውን የያዙ ሁለት ሰዎች አልመለሱም፤ ከእቁቡም ወጥተዋል።

ሦስተኛው ስለ ዘጠኙ ነው። በ18 ሳምንት 1,000 ብር መክፈሉ ቀርቶ በ36 ሳምንት 500 ብር እንዲከፍሉ ተስማሙ። ስለዚህ ቀሪዎቹ 18 እጣዎች 35,500 ብር ሆኑ። ለያንዳንዱ የጎደለው 4,500 ብር በሁለተኛው 18 ሳምንት ይሞላል። እጣ ያልደረሳቸው ሰዎች ይህን እሺ ማለታቸው ትልቅ ነገር ነው። አማራጩ ግን እቁቡን አፍርሶ 22,000 ብራቸውን ከባዶ ኪስ መጠየቅ ነበር።

## ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ማስጠንቀቂያ አልሠራም። አፑ ከመዘጋቱ በፊት ፌስቡክ ላይ የሚዘዋወሩ ማስጠንቀቂያዎችን ከአባላቱ ብዙዎቹ አይተዋቸዋል። ያልታወቀ ሰው «ተጠንቀቁ» ሲል፣ የሚታወቀው የሰፈር ልጅ ደግሞ የገባለትን ገንዘብ ስክሪንሾት ያሳያል። ማን ይታመናል? ስድብና ፌዝማ ጭራሽ ጎድቷል። ቲክቶክ ላይ «ደንቆሮ ይበላል» የሚለውን አስተያየት ያነበበ ሰው መበላቱን ለመደበቅ «ታክስ» ከፍሎ ሁለተኛ ተበላ። ከስድስቱ ሁለቱ ይህን በአፋቸው ነግረውኛል።

ትንሽ ገንዘብ አስገብቶ፣ አውጥቶ መሞከርም አልሠራም። ብልህነት ይመስላል። 22 ሰዎች መጀመሪያ ሞክረው ወጥቶላቸዋል። አፑ በመጀመሪያ የሚከፍለው ለዚሁ ነው።

የሠራው የዳኛው ንግግር ነው። ሌላ ሰው ቢጀምረው ያን ያህል አይሆንም ነበር። ትልቁ የተከበረ ሰው መጀመሪያ ሲናገር ለሌላው ማፈር ቀለለ። አፑ በመከበሪያው በር ገብቶ ነበር፤ ነገሩም የተፈታው በዚያው በር ነው።

ግማሽ የሠራ ነገርም አለ። ኮሚሽን ማስመለሱ ሰዎቹን አስታርቋል፣ ቁጥሩ ግን ከጠፋው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። በትርፍ ከወጡት አምስት ሰዎች መካከል ኮሚሽን ያልነበራቸው ሦስቱ ምንም አልተጠየቁም። ሽማግሌዎቹ «ሰው አላስገቡም» ብለው አለፏቸው። እኔ አልተስማማሁም። ያተረፉት ብርም ከጎረቤት ኪስ የወጣ ነው። ግን የእኔ ድርሻ ወረቀቱ ነበርና ዝም አልኩ።

## ለሌላ እቁብና ማኅበር

ከዚህ ጉዳይ ደሴም ሆነ ሌላ ቦታ ላለ እቁብ የሚተላለፉ ነገሮች አሉ። ዋናው የዋስ ነገር ነው። ዋስ ከእቁቡ ውጭ ካለ ሰው ይሁን፤ ካልሆነም አንድ ሰው ለሁለት አይዋስ፣ ሁለት ሰው እርስ በርስ አይዋዋስ። ይህ ለአፕ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ፋብሪካ ቢዘጋ፣ ገበያ ቢቃጠል፣ ሁሉንም ባንዴ የሚመታ ነገር ሲመጣ የውስጥ ዋስ ዋጋ የለውም።

እጣ በወጣበት ሰዓት፣ በወጣበት ቦታ፣ በሰው ፊት ይሰጥ። እሁድ ነው፣ ባንክ ዝግ ነው፣ የሚባለው ምክንያት በሞባይል ገንዘብ ዘመን አይሠራም።

አዲስ «ሥራ» ሲመጣ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ገንዘቡን የሚከፍለው ማነው? የምንልክበት ሒሳብ በማን ስም ነው? ሰው ማስገባት ካቆምን ክፍያው ይቀጥላል? ሦስተኛውን ጥያቄ ልጁ ራሱ ነው ኋላ ላይ የነገረኝ። ቲም ሊደሮች በሚሰጣቸው ስልጠና ላይ ይህ ጥያቄ ሲነሳ «ኔጌቲቭ ሰው ነው፤ ከግሩፑ አስወጡት» ይባል ነበር።

ማስረጃ ገና ነገሩ ደህና እያለ ይቀመጥ። ግሩፑን የፈጠረው ሰው ሲያጠፋው ከሁሉም ስልክ ይጠፋል። ገንዘብ የተላለፈበት መልእክት አይጥፋ።

ከተዘጋ በኋላ ለማስከፈትም፣ ለታክስም፣ ለሀከርም አንድ ብር አይከፈል። የተበሉ ሰዎች ስልክ ቁጥር ለቀጣዩ አጭበርባሪ ይሸጣል ቢባል አይገርመኝም፤ «ሀከሩ» ስንት እንዳስገቡ ሳይነግሩት ያውቅ ነበር።

## አሁን ያለበት

18ቱ እጣዎች በሰኔ 2017 መጨረሻ ወጥተው አለቁ። የጎደለው 4,500 ብር ክፍያ እስከ ጥቅምት 2018 ቀጠለ። ከዘጠኙ ሰባቱ በጊዜው ጨርሰዋል፤ አንዱ ቀድሞ ጨርሷል። አንዷ በመሃል ወደ ዓረብ አገር ሄደች። የሷን ቀሪ ዋሷ እየከፈለ ነው፤ እሷም ከደመወዟ እልካለሁ ብላለች።

አዲሱ ዙር በ31 ሰው ተጀምሯል። ዘጠኝ ሰው ቀርቷል፤ ሁለቱ ኮሚሽን ያልመለሱት ናቸው፣ ሌሎቹ አቅም አጥተው ነው። ዳኛው ያው ናቸው። ጸሐፊው ተቀይሯል፤ የአሁኗ ጸሐፊ ሽንኩርት ሻጯ ናት። ዋስ ከውጭ ነው፣ ስሙም ከነስልኩ በወረቀት ይሰፍራል። ልጁ ሱቁን ከፍቶ ሞባይል መጠገኑን ቀጥሏል፤ ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ አዲስ አፕ እንዲጭንለት ሲጠይቀው የእቁቡ ዳኛ ጋ ልኮታል።